በጥርስ የተበጠሰ ክር

የሟቹ ሚስት የቡታጋዙን ሲሊንደር ዘግታ፣ መክፈቻውንም በክር አስራ ከመተኮሻው ክፍል እንደወጣች ተናገረች። ጨርቅ ቆራጩ ደግሞ በሩን ሲከፍት ሲሊንደሩ ክፍት እንደነበረና ክር የሚባል ነገር እንዳላየ ተናገረ። ሁለቱም እያለቀሱ ነበር። ሁለቱም የሚዋሹ አይመስሉም።

ሟቹ ልብስ ሰፊ ካውያው ከሚግልበት ምድጃ አጠገብ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ኮቱን እንደተከናነበ ቀርቷል። ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ እዚያ ጋደም ይላል፤ የስፌት መኪና ጩኸት እንዳይረብሸው በሩንም መስኮቱንም ይዘጋል። ጉንፋን አፍንጫውን ደፍኖት ስለነበር የጋዙ ሽታ አልቀሰቀሰውም።

መርማሪዋ በመሥሪያ ቤቷ «ወይዘሮ ቆይ» የሚል ስም ወጥቶላታል። ሌላው ሰው «አለቀ» ሲል እሷ «ቆይ» ስለምትል ነው።

«እጅዎን ያሳዩኝ» አለች ሚስቲቱን።

ሴትየዋ ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የጣቶቿ መገጣጠሚያዎች ቀልተዋል፤ አንጓዎቿ አብጠዋል።

«ምን ይሰማዎታል?»

«ጠዋት ጠዋት ጉንዳን የሚርመሰመስበት ይመስለኛል። ከዚያ ይደነዝዛል። አውራ ጣቴና ጠቋሚዬ የሰው ናቸው በይው። መገጣጠሚያዬ ሲቆጣ እብጠቱ አንጓዬ ላይ ነርቩን ይጫነዋል አለኝ ሐኪሙ። ክኒኑ እብጠቱን ሲያስታግሰው መደንዘዙም ይለቅሻል ብሎኝ ነበር። ይኸው፣ ከቀን ቀን ባሰብኝ።»

«ታዲያ መክፈቻው መጥበቁን በምን ያውቃሉ?»

«በጣቴማ አላውቅም። በመዳፌ እስኪቆም አዞርና የመወስወሻ ክር አስርበታለሁ። ያላለቀ ኮት በክር እንደምንወሰውሰው ማለት ነው። ጣቴን ባላምነው ዓይኔን አምነዋለሁ።»

«ዛሬስ አስረዋል?»

«አስሬያለሁ። እህቴ ግን ያ የትናንቱ ነው ትለኛለች። እሷ አትሳሳትም። ምናልባት ባሌን እኔው በእጄ…»

ታናሽ እህቷ ከኋላ መጥታ የሹራቧን ቁልፎች ትቆልፍላት ጀመር። በየማለዳው የምታለብሳት እሷ ናት።

«እትዬ፣ ራስሽን አትብዪ። ጥፋቱ የእጅሽ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም።»

መርማሪዋ ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ታናሽየዋን ለብቻዋ በስፌት መኪናዋ አጠገብ አነጋገረቻት። ሽርጧ ደረት ላይ ስፒሎች ተሰክተዋል።

«ከምሳ በኋላ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ መኪናዬ ላይ። እትዬ ፎቅ ልታርፍ ወጣች። ቆራጩ፣ መቀሱ፣ ፊት ለፊት ከደንበኞች ጋር ነበር። እሱ እስኪጮህ መተኮሻው ክፍል አልገባሁም።»

«ስትገቢ ክር አየሽ?»

«ምንም አልነበረም።» ይህን እያለች ከጠረጴዛው ላይ አንድ ቁራጭ ክር አንስታ ደረቷ ላይ ካሉት ስፒሎች አንዱ ላይ ጠመጠመችው።

«ክር አትጥሉም?»

«ጋሼ ወለል ላይ ክር ካየ ቀኑን ሙሉ ሲቆጣ ይውላል።» ደነገጠች። «ይውል ነበር።»

ቆራጩ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ወሬው የማያልቅ ሰው ነው። «መቀሱ ይሉኛል» አለ። «በሥራዬ አይደለም፣ በምላሴ ነው።»

«እንግዲያው ምላስህን አውሰኝ። የመወስወሻ ክራችሁ ምን ዓይነት ነው?»

«ነጭ ነበር። አለቀብንና ዛሬ ለምሳ ወጥቼ ስመለስ ቢጫ ይዤ መጣሁ። ጋሼ ‹ይሄ ክር ጉበቱን ታሟል እንዴ?› ብሎ ሳቀብኝ።» ድምፁ ሰለለ። «ከዚያ ወዲያ ሲስቅ አልሰማሁትም።»

«ሚስቲቱ ክር በምን ትቆርጣለች?»

«በጥርሷ ነዋ! መቀስ ከእጇ ይወድቃል። ጋሼ ‹አይጢቱ› እያለ ያበሽቃት ነበር። ሌሎቻችን በጥርስ ብንበጥስ ግን አይምረንም።»

መርማሪዋ የማይሠራው ክኒን ነገር ከንክኗት መንገዱን ተሻግራ ወደ መድኃኒት ቤቱ ገባች። ባለሙያው የልብስ ሰፊውን ስም ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ።

«ጠዋት መጥቶ ነበር። ሚስቱ ለብግነቱ በየሳምንቱ የምትውጠውን ክኒን አሳየኝ፤ ‹ለምን አልሠራላትም?› አለኝ። አየሁት። መድኃኒቷ አይደለም፣ ቫይታሚን ነው። እኔ የሰጠሁት ትክክለኛውን ነበር።»

«ለማን ነበር የሚሰጡት?»

«ለእህቷ። ሁልጊዜም የምትወስድላት እሷ ናት።»

መርማሪዋ ስትመለስ ሦስቱን በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ታናሽየዋን ሽርጧን እንድታወልቅ ጠየቀቻት። ከስፒሎቹ አንዱ ላይ ከተጠመጠሙት ክሮች መሃል አንዱን በቀስታ ፈታችና ነጭ ጨርቅ ላይ ዘረጋችው። ቢጫ ነው።

«የሲሊንደሩ ቀለም አረንጓዴ ነው፣ የተላላጠ» አለች። «እዩት፣ ፍርፋሪው ክሩ ላይ አለ። ክሩ የተጣጠፈው መክፈቻው ላይ ታስሮ ስለቆየ ነው። ጫፉን ደግሞ ተመልከቱ፤ በመቀስ የተቆረጠ ክር እንዲህ አይታኘክም።»

«የትናንቱ ነው» አለች ታናሽየዋ በፍጥነት። «ከወለል ላይ ያነሳሁት።»

«ቆይ። ትናንት እዚህ ቤት ቢጫ ክር አልነበረም። መቀሱ ነው ዛሬ ለምሳ ወጥቶ ሲመለስ ያመጣው። ስለዚህ እህትሽ ዛሬ ሲሊንደሩን ዘግታ አስራዋለች። አንቺ ደግሞ ‹ወደ ክፍሉ የገባሁት ጩኸት ሰምቼ ነው፣ ያን ጊዜም ክር አልነበረም› ብለሻል። ታዲያ ክሩ ደረትሽ ላይ ምን ይሠራል?»

ታናሽየዋ ከጠረጴዛው አንድ እርምጃ ራቀች።

«ሲሊንደሩን ስትከፍቺ ክሩን የፈታሽው እህትሽ ማሰሯ እንዳይታወቅ ነው። መጣል ነበረብሽ። ግን ስንት ዘመን የለመደ እጅ ነው፤ ሳታስቢው አንስቶ ስፒሉ ላይ ጠመጠመው።»

«ጋሼን ለምን ትገድለዋለች?» አለ መቀሱ።

«ክኒኑን ስለደረሰበት።» መርማሪዋ ወደ ሚስቲቱ ዞረች። «ሲውጡት የከረሙት ቫይታሚን ነው። መድኃኒትዎን ቀይራብዎታለች።»

ሴትየዋ መጀመሪያ እጆቿን፣ ቀጥሎ እህቷን አየች። «እውነት ነው?»

ታናሽየዋ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። «ደንበኛው ሁሉ ‹ታላቅየዋ ትስፋልኝ› ነበር የሚለው። እኔ ዕድሜ ልኬን ጠርዝ አጣፊ! እጅሽ ሲደነዝዝ ጊዜ ነው በስሜ የጠሩኝ። ጋሼ ለምሳ ሲገባ ‹እስከ ማታ ራስሽ ንገሪያት፣ ካልሆነ እኔ እነግራታለሁ› አለኝ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

«ሌሊት አንጓዬን እያሸሽ አብረሽኝ ስታለቅሺ ነበር እኮ።»

«ከልቤ ነበር የማለቅሰው፣ እትዬ!»

መርማሪዋ ክሩን ወደ ሚስቲቱ አስጠጋች። «ይህ ክር የሚመሰክረው እርስዎ ከመሰከሩ ብቻ ነው። ዛሬ ማሰርዎን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።»

ታናሽየዋ ተንበርክካ የእህቷን ጉልበት ያዘች። «ረሳሁት በይ። በሽተኛ ነሽ፣ ማንም አይፈርድብሽም። እናታችንን አስቢ፤ ሁለት ሐዘን ባንዴ አትችልም። ደግሞስ እኔ ከሄድኩ ማን ያለብስሻል? ማን ቁልፍሽን ይቆልፍልሻል?»

ሴትየዋ እጇን ወደ ሹራቧ ሰደደች። የላይኛውን ቁልፍ ለመፍታት ታገለች፤ ጣቶቿ አልታዘዟትም። በመጨረሻ በአንጓዋ ጎትታ በጠሰችው። ቁልፉ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ማንም አላነሳውም።

«ጻፊ፣ እህቴ» አለች መርማሪዋን። «ዛሬ ዘግቼዋለሁ። ክሩ የእኔ ነው፣ የበጠሰውም ጥርሴ ነው። ፍርድ ቤትም ሄጄ ይህንኑ እላለሁ፤ ቁልፌን የሚቆልፍልኝ ባይኖር ሹራቤን እንደተከፈተ ለብሼ እሄዳለሁ።»