ያላረረው ድፎ

ጋሽ ሽብሩ የሞቱት ድፎ በሚጋገርበት ክፍል፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ የምሳ እንቅልፋቸውን እንደተኙ ነው።

ኢንስፔክተር መኪያ ስትደርስ ዝናቡ አባርቷል። ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ እግሯ አብጧል። ዲላ ውስጥ ሰው ለመሞት የሚመርጠው እሷ ጫማዋን ልታወልቅ ስትል ነው።

የጤና ባለሙያው «ከሰል ነው ያፈናቸው» ብሎ ቦርሳውን ዘጋ። የሟች ወንድም ደግነት ግን አፉን አልዘጋም።

«ገዳይዋ ያቻት! የወንድሜን ቤት ዳቦ ቤት አደርጋለሁ ብላ እሱኑ ጠበሰችው!»

ያቻት የተባለችው ፀጋ ናት። አራት ዓመት በጓዳዋ ለሰፈሩ ልደትና ሰርግ ስትጋግር ኖራ፣ ጋሽ ሽብሩ የፊት ክፍላቸውን ሰጥተዋት ነገ ቡናና ዳቦ ቤት ልትከፍት ነበር። ገና ዛሬ የተሰጣትን የንግድ ፈቃድ በእጇ ይዛለች። ጥፋተኛ ከተባለች ቤቱም ይቀራል፣ እሷም ወህኒ ትወርዳለች።

«መብራት ስለሌለ በከሰል ጋገርኩ» አለች። «ሰባት ሰዓት ላይ ድፎውን ጥጄ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። እስከ አስር ሰዓት ወረፋ ይዤ ነበር። መስኮቱን ግን ክፍት ነው የተውኩት። ጋሼ ከለቅሶ ተመልሰው ሊተኙ ሲገቡ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ማን ዘጋው? መልአክ?» አለ ደግነት።

«እርስዎስ የት ነበሩ?» አለችው መኪያ።

«ጪጩ ሄጄ ነበር። ዘጠኝ ተኩል ላይ ስመጣ ሞቶ አገኘሁት።»

«ድፎው ያኔ እሳት ላይ ነበር?»

«እኔ በምን አውቄ? ድፎ የማውቀው ሲቆረስ ነው!»

ከመጀመሪያዋ ኬክ ጀምሮ ከፀጋ ጋር ስታቦካ የኖረችው ሉሲ የበሩ ደፍ ላይ ቆማለች።

«አንቺስ?»

«ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ገበያ ነበርኩ። ስኳር ልገዛ።» ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም።

መኪያ ወደ ውስጥ ገባች። የመስኮቱ ጣውላ ተዘግቷል፤ ከሥሩ ያለው ክፍተት አራት እጥፍ በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ተወትፏል። እዚያው አጠገብ ለሁለተኛ ድፎ የተቦካው ሊጥ ኩፍ ብሎ ከሳፋው ፈሷል። ድፎው ከእሳት ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የላዩን የኮባ ቅጠል ገለጥ አደረገች። ወርቅ መስሏል፤ መሃሉ ላይ አንዲት ቀጭን ቀዳዳ አለች።

ስልክ ደውላ ጥቂት አወራች። ከዚያ ሦስቱንም ፊት ክፍል፣ ላስቲካቸው ያልተላጠ አዳዲስ ወንበሮች ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ሊገድል የመጣ ሰው መስኮት ይዘጋል። ጨርቅ ግን አስተካክሎ አጥፎ ከሊጥ አጠገብ አይወትፍም። መስኮቱን የዘጋው ብርድ የፈራ እጅ ነው። የፈራውም ለሊጡ ነው።»

«አላልኩም? ጋጋሪ ናት!» ደግነት ተነሣ።

«ይቀመጡ። ጋጋሪ መሆኗ ልክ ነው። ሰባት ሰዓት የተጣደ ድፎ እርስዎ እስኪመጡ ቢቆይ ኖሮ ከሰል ይሆን ነበር፤ ግን አላረረም። አንድ ሰው በሰዓቱ ደርሶ፣ መብሰሉን በስንጥር ወግቶ አይቶ፣ አውርዶታል። ፀጋ ያኔ ወረፋ ላይ ነበረች፣ ደውዬ አረጋግጫለሁ። እርስዎ ድፎ የሚያውቁት ሲቆረስ ነው። ሟች ደግሞ ስንጥር አይወጉም።»

ሁሉም ዞረው ሉሲን አዩ።

«ጋሼ ለቅሶ እንደሄዱ ናቸው ብዬ ነው!» አለች ሉሲ። «ከገበያ ስመለስ ዝናቡ ከነነፋሱ ሊጡ ላይ ይገባል። ዘግቼ ብርጭቆ ላጥብ እዚህ መጣሁ። በኋላ ድፎውን ሳወርድ ራሴን አዞረኝ። ልቀመጥ ብዬ መጋረጃውን ስገልጥ...» ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። «ገበያ ተመልሼ ሮጥኩ።»

«መስኮት መዝጋትሽ ስህተት ነው» አለች መኪያ፣ በደከመ ድምፅ። «ዝምታሽን ግን ስህተት አልለውም። ለድፎው በሰዓቱ ደረስሽለት። ጓደኛሽ ነፍሰ ገዳይ ስትባል ግን ቆመሽ ሰማሽ።»



መኪያ የሉሲን ክንድ ይዛ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «ፀጋ፣ ነገ መክፈት ትችያለሽ። የሚከለክልሽ የለም።»

ፀጋ ፈቃዱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን ከሉሲ ሽርጥ አልነቀለችም።

«ማን ያቦካልኛል?» አለች።