የዱባለ ትልቁ ጆሮ

በዛምራ መንግሥት በአንድ ጧት በአገሩ ያሉ አሻንጉሊቶች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። የሱፍ ጥንቸሎች፣ የክር አንበሶች፣ የቁልፍ ዓይን የተሰፋላቸው አዞዎች ሳይቀሩ ለጌቶቻቸው ጀርባቸውን ሰጡ። ይህን ያየ ሁሉ ክፉ ነገር እንደ መጣ አወቀ። እውነትም በዚያች ሌሊት እናት ክር ተሰርቃ ነበር።

እናት ክር በቤተ መንግሥቱ የእጅ ሥራ አዳራሽ፣ በብር ሙዳይ የምትቀመጥ ወርቅማ የሱፍ ልቃቂት ነበረች። የቱንም ያህል ቢመዝዟት አታልቅም። የዛምራ ባለሙያዎች አሻንጉሊት ሠርተው ጥጥ ሲሞሉት፣ ከእርሷ አንድ ክንድ ወስደው በደረቱ ውስጥ ልብ አድርገው ይከቱለታል። ያን ጊዜ ነፍስ ይዘራል። ለተወለደ ሕፃን ሁሉ በአርባኛው ቀን አሻንጉሊት ይሰጠዋል፤ ስሙንም አስቀድሞ የሚጠራው አሻንጉሊቱ ነው። በዚያው ቀን ለሠራችው ሴት አንዲት ቃል ይናገራል። ከዚያ በኋላ የልጁ ነውና ለሌላ ሰው ትንፍሽ አይልም።

ከአዳራሹ ባለሙያዎች ሁሉ ታናሿ ወለላ ነበረች። ጣቶቿ ፈጣኖች ነበሩ፤ መቁጠር ግን አይሆንላትም። በሰባት ዓመቷ የመጀመሪያ ሥራዋን፣ አንድ የኪሮሽ ዝሆን ስትሠራ፣ ለልብ አንድ ክንድ እንደሚበቃ ማን ነግሯት! ከጅራቱ እስከ ኩምቢው በእናት ክር ሠራችው። በግራ ጆሮው ላይ ደግሞ ዙሩ ጠፋባትና ጆሮው የጎመን ቅጠል አክሎ ቀረ። የአዳራሹ አለቃ እመት ዘርፌ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ እንጂ አልቀጧትም። በሕጉ የመጀመሪያ ሥራ አይታረምም፤ የሠራችው ራሷ ታኖረዋለች።

ስሙን ዱባለ አለችው። ገላው ሁሉ ልብ ስለሆነ ይመስላል፣ እንደ እርሱ ያለ ለፍላፊ አሻንጉሊት በዛምራ አልታየም። ኪሮሽ ባነሣች ቁጥር ከትከሻዋ ላይ ሆኖ «ቀስ በይ! ቁጠሪ እንጂ!» ይላታል። ድምፁን የምትሰማው እርሷ ብቻ ናት።

እናት ክር በጠፋች ማግሥት የወለላ እህት አስካል ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ አላለቀሰችም። ትተነፍሳለች፣ ዓይኗን ትገልጣለች፣ ነገር ግን ጣት ሲሰጧት አትጨብጥም። እመት ዘርፌ ግንባሯን ዳስሰው ፊታቸው ጠቆረ።

«እናት ክር እስከ አርባኛው ቀን ካልተመለሰች፣ ይህች ልጅ ስም ሳታገኝ ታልፋለች» አሉ።

ሌባው በደብረ ቁር ዋሻ የሚኖረው ዘንዶ፣ ጥፍራም መሆኑ ብዙ ሳይቆይ ታወቀ። ንጉሡ ሠላሳ ጦረኛ ላኩ። ሠላሳውም ገና በመንገድ ሳሉ ዘንዶው ወርዶባቸው፣ ካባቸው፣ ሱሪያቸው ሳይቀር ተተርትሮ፣ በቅጠል ተሸፍነው በሳምንቱ ተመለሱ። ያን ጊዜ ወለላ በዙፋኑ ፊት ቆመች።

«ንጉሥ ሆይ! እንጀራዬ በሆነው በዚህ ኪሮሽ እምላለሁ፤ እናት ክርን ሳልይዝ የአባቴን ደጅ አልረግጥም። ሰይፍ አልሻም። የተተረተረን ነገር የሚያውቅ ባለ ክር ነው።»

ንጉሡም ሻለቃ ጓንጉልን ሰጧት። ሻለቃው ግዙፍ፣ ጺማም፣ ጠባሳው ከፊቱ የሚሰፋ አርበኛ ነበር። ጉዞ በጀመሩ በአሥረኛው ቀን ከነፋስ ገደል የገመድ ድልድይ ሲደርሱ ግን ቆመ። ዙሪያውን ገላምጦ ከብረት ጥሩሩ ሥር አንዲት ቢጫ የክር ጫጩት አወጣና በመዳፉ ጨብጦ ዓይኑን ጨፈነ።

«ያየሽውን ለጦሩ እንዳታወሪ፣ ልጄ» አላት።

«ምን አይቼ፣ ሻለቃ?» አለች ወለላ፤ እጁንም ይዛ አሻገረችው። በዚያች ቀን ይህን ሰው እንደ አጎቷ ወደደችው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ከዋሻው ገቡ። ጥፍራም በልቃቂቷ ላይ ተጠምጥሞ ተኝቷል። እናት ክር በሜንጦ ጥፍሮቹ ተጠላልፋ፣ በፈቃድ ላልተሰጠችው አትታዘዝምና እንደ ድንጋይ ደርቃለች።

ዘንዶው ነቅቶ «አልሰጥም!» ሲል ዋሻው ተናወጠ።

«ምን ልታደርጋት ወሰድካት?» አለች ወለላ።

ዘንዶው ልቃቂቷን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «በክረምት ከመንደራችሁ በላይ ስበርር በየመስኮቱ አያለሁ። ሁሉም አንዳች ትንሽ ነገር አቅፎ ይተኛል። እኔ የነካሁት ሁሉ ይተረተራል። ከዚህች ጋር ብተኛ የሚሞቀኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «ግን አልሞቀኝም።»

ወለላ ጦረኞቹን በቅጠል ያስመለሰ አውሬ እንዲህ ያሳዝነኛል ብላ አልጠበቀችም ነበር። «የራስህ አሻንጉሊት ብሠራልህ ትለቃታለህ?»

«እለቃታለሁ። ግን እተረትረዋለሁ።»

እውነቱን ነበር። ተራ ሱፍ ያንን ጥፍር አንዲት ሌሊት አይችለውም። የማትተረተርለት እናት ክር ብቻ ናት፣ እርሷም ደርቃለች። ሻለቃ ጓንጉል ጫጩቷን አውጥቶ ዘረጋላት። «ይችን... ይችን ውሰጂ» አለ። ወለላ መዳፉን መልሳ ዘጋችለት። በጫጩቷ ውስጥ ያለው እናት ክር አንድ ክንድ ብቻ ነው፤ አይበቃም።

ያን ጊዜ ከትከሻዋ ላይ የዱባለ ድምፅ መጣ። «ሙሉ ገላዬ እናት ክር ነው። ተርትሪኝ።»

«አላደርገውም!»

«ወለላ፣ ዛሬ ስንተኛ ቀን ነው?»

መመለሻውን ጨምራ ስታስበው ቀኑ ጠበበ። ያቺ ጣት የማትጨብጥ ልጅ ታየቻት። ከጭኗ ላይ አስቀመጠችውና እያለቀሰች የመጨረሻውን ቋጠሮ ፈለገች።

«ትልቁን ጆሮዬን ለኋላ አቆዪው» አለ ዱባለ። «እስከ መጨረሻው ልስማሽ። አሁን ቀስ በይ፤ ቁጠሪ።»

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ሳትስት ቆጠረች። እግሮቹን ቆጠረች፣ ሆዱን ቆጠረች፣ ከኩምቢው ስትደርስ ድምፁ ቀጠነና ቆመ። ክሩን እየተቀበለች፣ ጥፍር የሌለው፣ እግረ ድቡልቡል የሆነ ትንሽ ዘንዶ ሠራች። ሥራው ሲያልቅ ያ ስህተት የሆነው ጆሮ ሳይነካ በእጇ ተርፎ ነበር።

ጥፍራም ትንሹን ዘንዶ በፍርሃት ተቀበለ። አልተተረተረም። አሻንጉሊቱ ወደ ጆሮው ተጠግቶ፣ ማንም ጠርቶት በማያውቅ ስም ጠራው። ምን እንዳለው የሰማ የለም። የዘንዶው ጥፍሮች ግን አንድ በአንድ ተከፈቱ፤ እናት ክርም ለስልሳ እየተንከባለለች ከወለላ እግር ሥር ደረሰች።

ልጅቱ በተወለደች በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ዛምራ ገቡ። ሕዝቡ ከበሮ ይዞ ወጣ፤ አሻንጉሊቶቹም ከግድግዳው ዞሩ። ወለላ ግን እልልታውን አቋርጣ ወደ አዳራሹ ገባችና ያንን ጆሮ ተረተረችው። ሠላሳ አንድ ዙር ነበር። ሌላ ዝሆን ከግራጫ ሱፍ ሠራች፤ የጆሮውን ክርም በደረቱ ልብ አድርጋ ከተተችው።

በማግሥቱ አስካል ልጇን አቅፋ በዘመድ መካከል ተቀመጠች። የልጅቱ ከንፈር ነጥቷል። ወለላ ዝሆኑን ከደረቷ ላይ አኖረችላት። ዝሆኑ ኩምቢውን አነሣና «ፈትለወርቅ» ብሎ ጠራት። ልጅቱ ኩምቢውን ጨበጠች፣ አፏን ከፈተች፣ ቤቱ እስኪናወጥ አለቀሰች። አስካልም አብራ አለቀሰች። ሻለቃ ጓንጉል ዓይኔ ውስጥ ትቢያ ገባ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ።

ዝሆኑም ለሠራችው የሚናገራት አንዲት ቃል ነበረችና ወደ ወለላ ዞረ። የግራ ጆሮው የጎመን ቅጠል አክሎ ተንጠልጥሏል።

«ዛሬም አልቆጠርሽም!» አላት፣ በዚያው በለመደችው ድምፅ።

ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ልጅቱ መለሰ፤ ለወለላም ዳግመኛ አልተናገረም። እርሷ ግን ጎንበስ ብላ ያንን ጆሮ ሳመችው።

«ቆጥሬ ነው» አለችው። «ሠላሳ አንድ።»