በፓይን ሌክ ሐይቅ ዙሪያ የሮጠው ነጭ ውሻ

ጂን የለም አልልም፣ ቁርዓን የተናገረውን የምክድ ሰው አይደለሁም፣ ግን ጥላ ተከተለኝ፣ ሰው ሳይነካው በሬ ተከፈተ እያለ የሚያወራ እንግዳ ሲመጣ ሻይ አቀርብለታለሁ እንጂ ጆሮዬን ሰጥቼው አላውቅም ነበር። ደግሞ ጂን ቢኖርስ አትላንታ ድረስ ምን ሊሠራ ይመጣል፣ ያውም ፓይን ሌክ፣ ጠዋት ወጥታችሁ ሻይ ሳይፈላ ዞራችሁ የምትጨርሷት ሚጢጢ ከተማ ውስጥ ማንን ፈልጎ፣ እል ነበር። ይኼን የማወራላችሁን በገዛ ዓይኔ ባላየው ኖሮ ዛሬም እንደዚያው እል ነበር።

ልጄ ሰሚራ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አስም ነበረባት። አስም ያለበት ልጅ ያሳደገች እናት ታውቀዋለች፣ እንጀራ ስትበሉም፣ ስትሰግዱም፣ ሥራ ቦታ አንሶላ ስታነጥፉም አንዱ ጆሯችሁ ሁልጊዜ የልጅቷ ደረት ላይ ነው። የዚያን ዓመት አስተማሪያቸው አላስካ በሚባለው የበረዶ አገር ስለሚደረግ የውሾች ውድድር አስተማረቻቸው፣ ውሾች ተጠምደው ጎማ የሌለው የበረዶ ጋሪ እየጎተቱ ቀንና ሌሊት በጫካ የሚሮጡበት ነው አሉ፣ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሌላ ወሬ ጠፋ። ውድድሩ የሚጀመርበት ቅዳሜ ሲደርስ ጎረቤታችን ሚስ ዶና፣ ሁለት ትልልቅ ውሾች ያሏት ደግ አሮጊት ናት፣ እኛም ሐይቁ ዳር የራሳችንን መክፈቻ እናደርጋለን ብላ የሰፈሩን ልጆች ጠራች። በረዶ ስለሌለ ልጆቹ ተራ በተራ ቀይ የመጫወቻ ጋሪ ላይ ይቀመጣሉ፣ ውሾቹ ይጎትታሉ፣ እሷ ገመዱን ይዛ አብራ ትሄዳለች።

እኔ ውሻ እፈራለሁ፣ ከንክሻው ይልቅ ግን ምራቁ ነው የሚያስጨንቀኝ፣ ወሎ ስናድግ የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር፣ ተብለን ነው የተማርነው። ሰሚራ ስታለቅስብኝ ጊዜ እሺ አልኩ፣ ግን አንድ ጀሪካን ውሃና አንድ ፌስታል አፈር አዘጋጀሁ። ባሌ ኑሩ ታክሲውን ፓርክ አድርጎ ሲገባ አየኝ።

«አንቺ፣ ጭቃ ቤት ልትመርጊ ነው እንዴ?»

«ዝም ብለህ ጫንልኝ።»

«አፈሩን ምን አሸከመሽ፣ ሐይቁ ዳር አፈር ጠፋ?»

«የዚያን አገር አፈር ውሻ ልሶት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

እየሳቀ ጫነልኝ።

ቀኑ ወላሂ የበጋ ቀን ነበር፣ ልጆቹ ቁምጣ ለብሰው ደረታቸው ላይ ቁጥር ለጥፈዋል፣ ከጥዶቹ አበባ የሚረግፈው ቢጫ ዱቄት መንገዱ ላይ እንደ በርበሬ ወፍጮ ቤት ወለል ተነስንሷል፣ ወላጆች ኩኪስ እየበሉ ያጨበጭባሉ። የሰሚራ ተራ ሲደርስ በአፏ የምትስባትን የአስም መድኃኒት እንዳትጥላት ብዬ ወስጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት፣ ቀስ በሉ፣ አጥብቀሽ ያዢ፣ አፍሽን ሸፍኚ ስል «ማሚ፣ ሪላክስ» አለችኝ።

ትንሽ እንደሄዱ ከሐይቁ ዝይዎች ወጥተው መንገዱን አቋረጡ፣ ውሾቹ ሲያዩዋቸው ዘለሉ፣ ገመዱ ከሚስ ዶና እጅ ወጣ፣ እሷም በቂጧ ቁጭ አለች፣ ጋሪው ልጄን እንደያዘ በቢጫው አቧራ ውስጥ እየተንገጫገጨ ከዛፎቹ ጀርባ ገባ። መድኃኒቷ እኔ ቦርሳ ውስጥ ናት፣ ይታያችሁ። ሮጥኩ፣ አንድ ጫማዬ ወልቆ ቀረ፣ ከዛፎቹ ማዶ ስትስል ሰማኋት፣ ያንን ሳል ከስንት ልጅ ሳል መሃል እለየዋለሁ። ከዚያ ሳሉ ቆመ።

ሳሉ ሲቆም ነው እኔ የምፈራው።

ዝይዎቹም ዝም አሉ። ቀጥሎ አንድ ድምፅ መጣ፣ ወፍራም ስኳር ላይ የሚራመድ ሰው ይመስል ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ፣ ከኋላው ደግሞ ቀጭን የቃጭል ድምፅ፣ የሚስ ዶና ውሾች ግን ቃጭል የላቸውም። ያን ሁሉ ሙቀት ሰንጥቆ የፍሪዘር በር የተከፈተ ያህል ብርድ ፊቴን መታኝ። ከክፉ የሚጠብቀውን አያተልኩርሲን ልቀራ ብዬ ጀምሬ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ ላይ ያለውን፣ መሃሉ ጠፋብኝ።

«ያውና መጡ» ብለው ሰዎቹ ከኋላዬ ጮሁ።

ጋሪው ሐይቁን ዞሮ በወዲያኛው በኩል ብቅ አለ። የሚስ ዶና ሁለት ውሾች ጎን ለጎን፣ ጨዋ ሆነው፣ እኩል እየረገጡ ይመጣሉ፣ ከፊታቸው ደግሞ ገመድ የሌለበት አንድ ትልቅ ነጭ ውሻ ይመራቸዋል፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አያይም፣ ከአፉ እንደ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት ይወጣል። ሰሚራ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ትስቃለች። የተነሱበት መስመር ጋ ሲደርሱ ውሾቹ ራሳቸው ቆሙ፣ ነጩ ግን ሳይቆም በሰው መሃል አልፎ ጥዶቹ ውስጥ ገባ፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበለት።

«የማን ነው እሱ?» አለች ሚስ ዶና፣ ማንም አላወቀውም። አንዱ አባት ወዲያ ማዶ ኮንየርስ ከሚባለው ከተማ፣ ከእርሻ ያመለጠ ይሆናል አለ። እኔ መንገዱን አየሁ፣ ቢጫው ዱቄት ላይ የጋሪው ጎማ ዱካ አለ፣ የሁለቱ ውሾች ኮቴ አለ፣ የነጩ ግን የለም፣ ያለፈበት ዱቄት ማንም እንዳልነካው ተኝቷል።

ልጄን ያዝኳት። «ሳስል ቆየሁና መተንፈስ አቃተኝ» አለችኝ፣ «ከዛ እሱ መጣ፣ ላይክ፣ በጣም በረደኝ፣ አፌን ላሰኝና ተነፈሰልኝ።»

አፏን መላሱን ስሰማ ሌላው ሁሉ ጠፋኝ፣ ጀሪካኔን ከፍቼ ፊቷን ማጠብ ጀመርኩ፣ አፈሩንም በውሃ በጥብጬ ቀባኋት። አንዲት እናት ጠጋ ብላ «ለአለርጂ ነው?» አለችኝ፣ በኔ እንግሊዝኛ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር የሚለውን እንዴት ላስረዳ፣ አዎ አልኳት። ቀና ስል የፈረንጅ ልጆች ተሰልፈዋል። ሁሉንም አጠብኩ፣ ምን ላድርግ፣ ሚስ ዶናም መጨረሻ ላይ ፊቷን ሰጠችኝና «ሀኒ፣ ቆዳዬ ለሰለሰ» አለችኝ። ኑሩ ይኼን ሲሰማ ከሶፋው ሊወድቅ ነበር። የሰሚራ ሻሽ ጫፍ በዚያ ፀሐይ በረዶ ሠርቶ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ እንደነበረ ስነግረው ግን መሳቁን አቆመ፣ ቤት ስንገባ እሱም ነክቶት ነበርና።

ከዚያ ቀን በኋላ አስሙ አልተመለሰም። ሐኪሟ ልጆች ሲያድጉ ይተዋቸዋል አለ፣ ኑሩ ዱዓሽ ነው አለኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ሰደቃ አወጣሁ፣ አሁንም ደስተኛ ነኝ፣ ሰሚራ አድጋ ኮሌጅ ገብታለች፣ ደረጃ ሩጣ ትወጣለች፣ ስትስቅ ከመንገድ ማዶ ትሰማለች።

ባለፈው ኦገስት ግን፣ ኤሲው በተበላሸ መኪና አስቤዛ ልንገዛ ወደ ቡፎርድ ሃይዌይ ስንሄድ፣ እኔ ላብ በላብ ሆኜ እየነዳሁ፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ስለ ጓደኛዋ ሠርግ እየሳቀች ስታወራልኝ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ዞር ብዬ አየሁ፣ በእሷ በኩል ያለው መስታወት ከውስጥ በኩል ነጭ በረዶ ይዞ ነበር። ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ሁሉ፣ በጥፍሯ ትፍቀው ጀመር። እኔም መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ነዳሁ። ልጄ ደህና ትተነፍሳለች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ማን እንደሚተነፍስላት ነው የማላውቀው።