ሐይቅ ዳር የታየ ጋቢ

ሀዊ ያንን ጋቢ ከሺህ ጋቢ መሃል ለይታ ታውቀዋለች። ጥጡን የፈተለችው እናቷ ናት። ጥግ ላይ ተተርትሮ የነበረውን ደግሞ ሀዊ ራሷ፣ አየር ጤና በምትሠራበት መጋረጃ ቤት፣ በሰማያዊ ክር ሰፍታዋለች። ነጭ ክር አጥታ አይደለም። የእሷ መሆኑ እንዲታወቅላት ነው።

አሁን ያ ሰማያዊ ክር ፖላንድ አገር፣ አንድ ሐይቅ ዳር፣ በአንዲት ፀጉረ ወርቅ ልጅ ትከሻ ላይ ሆኖ ስልኳ ውስጥ ይታያታል።

«ቆንጆ ናት» አለች አብራት የምትሰፋው ሶፊ፣ በትከሻዋ በኩል አጮልቃ እያየች። ሶፊ ልቧ ደግ ነው፤ አፏ ግን ፍሬን የለውም።

«ማን ጠየቀሽ?»

«አይ፣ ጋቢው ያምርባታል ለማለት ነው።»

ሀዊ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችውና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ያን ቀን የሰው መጋረጃ ከላይ ወደ ታች ገልብጣ ሰፍታ፣ እንደገና ስትተረትር ዋለች።

ከአምሐ ጋር የተዋወቁት እዚያው መጋረጃ ቤት ነው። እናቱ መጋረጃ ሊያሠሩ ልከውት የመስኮቱን ልክ ተሳስቶ መጣ። አስተካክል ተብሎ ተመለሰ፣ አሁንም ተሳሳተ። ሦስተኛው ላይ ሀዊ ራሷ ሜትሯን ይዛ ዘነበወርቅ እነሱ ቤት ድረስ ሄደች። ያኔ በሩ ላይ ቆሞ ሲያያት የነበረው አስተያየት መስኮት የሚያስለካ ሰው አስተያየት አልነበረም። ሦስተኛውን ስህተት ሆን ብሎ እንደሠራው የነገራት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚያ ለማስተርስ ወደ ፖላንድ ሄደ። ሲሸኙት ጋቢውን ሰጠችውና «ማንንም እንዳታለብስበት» አለችው። እሱም ስቆ «እዚያ ጋቢ የሚያውቅ ማን አለ?» አላት።

ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ባቡር ላይ ነው። ወሬው ሁሉ ጉድ ነው። አንድ ቅዳሜ ባቡሩ መንገድ ላይ ለሁለት ተከፈለና ጓደኞቹ ቪየና ሲገቡ፣ እሱ የተቀመጠበት ፉርጎ ስሙን እንኳ መጥራት ወደማይችለው ከተማ ይዞት ሄደ። ሌላ ቅዳሜ ፕራግ ላይ ሙዚየም መስሎት የማያውቀው ሰው ሠርግ ገብቶ ኬክ በልቶ ወጣ። ሀዊ የላከላትን ድምፅ እየሰማች እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። ግን በየወሬው ውስጥ ካሚላ የምትባል ስም እንደ ጨው ጣል ትደረጋለች። ካሚላ ካርታ አወጣች፣ ካሚላ ትኬት ቆረጠች፣ ካሚላ በሳቅ ሞተች። ሀዊ ያኔ ሳቋን ታቆማለች። እሷን ምን ያስቃታል?

የሐይቁን ፎቶ የለጠፈው አንድ የክፍል ጓደኛው ነው። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ አምሐ ድምፁ ጠፋ። ስልኩ አይጠራም፣ መልእክት አይደርሰውም። ጥፋተኛ ሰው ነው የሚደበቀው፣ አለች ለራሷ። ቀናች፤ ሌላ ስም የለውም። ምሳ አላስበላ አላት። ልጅቷን በእንቅልፏ እንኳ አየቻት፤ በእንቅልፏም ጋቢውን ለብሳ።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ እሑድ ሽማግሌ ሊመጣ መሆኑ ነው። አምሐ ገና ሳይጠፋ በአጎቱ በኩል ያስያዘው ቀጠሮ ነው፤ ትምህርቱን ጨርሶ እስኪመለስ ድረስ ቃሏ እንዲታሰርለት ፈልጓል።

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ከተፍ አሉ። አጎቱ ጋሽ ታዲዮስ ከፊት ሆነው «የመጣንበት ጉዳይ ካልተሰማልን አንቀመጥም» ብለው በወጉ ተግደረደሩ፤ በወጉም ተለምነው ተቀመጡ። የሀዊ አባት አቶ መገርሳ ነገሩን ሰምተው ወደ ጓዳ ገቡ።

«ልጄ፣ የአምሐ ወገኖች ናቸው። ምን ልበላቸው?»

«እምቢ ይበሏቸው።»

«እምቢ? ባለፈው እሺ ስትይ አልነበረም እንዴ?»

«ለምን አይበሉኝ፣ አባባ። ዛሬ እምቢ ብያለሁ።»

አቶ መገርሳ ያበጠ ዓይኗን አዩና ወጡ። ሀዊ በሩ ላይ ጆሮዋን ደቀነች። እምቢ የሚለውን ቃል በአባቷ አፍ ልትሰማው ፈልጋለች፤ ልትሰማውም ፈርታለች።

«ጉዳዩን ሰምተናል» አሉ አቶ መገርሳ። «ቤተ ዘመድ ይምከርበት። የዛሬ ሁለት ሳምንት መልሱን ትሰማላችሁ።»

ሽማግሌዎቹ ፊታቸው በርቶ ተነሡ። ቀጠሮ ማግኘት የእሺ ግማሽ ነው።

«እምቢ አልኩ እኮ፣ አባባ!» አለች ሀዊ እንደወጡ።

«ሰምቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ግን እሺም እምቢም አይባልም። ይሄ ወግ የወጣው ሽማግሌ ለማመላለስ ይመስልሻል? ለተቆጣ ሰው ነው የወጣው።»

በማግስቱ የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳለች በማታውቀው ቁጥር ተደወለላት።

«ሀዊዬ! ቀጠሮ ሰጡን አሉ እኮ! ጋሽ ታዲዮስ 'አለቀልህ' አሉኝ!»

አምሐ ነው። ድምፁን ስትሰማ ልቧ ደስ ሊለው ሲል አፈነችው።

«እኔ እምቢ ብያለሁ።»

ሶፊ መስፋቷን አቁማ ጆሮዋን አቀናች።

«ምን አድርጌሽ?» አለ።

«ጋቢዬን ማን ለበሰው?»

«ፎቶውን አየሽው?» ተነፈሰ። «ሀዊ፣ ስሚኝ። ጀልባ ላይ ነበርን። ሐይቁን አንስቼ ልላክልሽ ብዬ ስልኬን ይዤ ቆምኩ። ጀልባው ተገለበጠ። ስልኬ እስከዛሬ ሐይቁ ውስጥ ነው። ካሚላም በእኔ ጦስ ውሃ ውስጥ ገባች። ስንወጣ የሁላችንም ልብስ ረጥቧል፣ ከዳር የተውኩት ጋቢ ብቻ ደረቅ ነው። እሷ ትንቀጠቀጣለች። ምን ላድርግ፣ ቆሜ ልያት?»

«አንተስ ምን ለበስክ?»

«ምንም። ሳምንቱን ሙሉ በትኩሳት ተኝቼ ነው የከረምኩት። ጋሽ ታዲዮስንም ያገኘሁት በሰው ስልክ ነው።»

ሀዊ አዘነችለት። ቅናት ግን በአንድ ጊዜ አይለቅም፤ አንዱን ጣቱን ሲያስለቅቁት በሌላው ይይዛል።

«ጋቢው ሰፊ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ለሁለት ይበቃል።»

«እሷም እንደዚያ አለችኝ። ና ግባ አለችኝ።»

«እና?»

«እነሱ አገር ምንም ማለት አይደለም። እኛ አገር ግን አንድ ጋቢ ውስጥ ከማን ጋር እንደሚገባ እኔ አውቃለሁ። ለዚህ አይደል የታመምኩት?»

የሀዊ እንባ መርፌው ላይ ወደቀ። ሶፊ ደግሞ፣ ያልተጠየቀችው ሴትዮ፣ ከእሷ ብሳ ተንሰቀሰቀች።

«ቆይ፣ ሌላም ጉድ አለ» አለ አምሐ፣ ወደ ቪዲዮ ቀይሮ። ከስቷል። ትከሻው ላይ የሕፃን ፎጣ የመሰለ ነገር ጣል አድርጓል። «ካሚላ ላመስግን ብላ አጠበችው። በፈላ ውሃ፣ በማሽን። ከዚያ ማድረቂያ ውስጥ ከተተችው።»

የሀዊ እናት የፈተለችው ጋቢ ተኮማትሮ ከትከሻው አልወርድ ብሏል። ጥጉ ላይ ያለው ሰማያዊ ክር ብቻ እንዳለ ነው። ሀዊ ላለመሳቅ ታገለች፣ አልቻለችም።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። አቶ መገርሳ ወደ ጓዳ ዘልቀው «ዛሬስ ምን ልበላቸው?» አሏት። ሀዊ በጆሯቸው አንሾካሾከች። አባቷ አገጫቸውን አሻሹ፣ ፈገግታቸውን ዋጥ አድርገው ወጡ።

«ልጅቷ ፈቅዳለች» አሉ። «አንድ ቃል ግን አስይዛለች። ልጃችሁ አዲስ ጋቢ ያሸምን። ለሁለት ሰው የሚበቃ፣ ለሦስተኛ የማይተርፍ ይሁን ብላለች።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሽ ታዲዮስ በሽምግልና ዘመናቸው ወርቅ ሲጠየቅ ሰምተዋል፣ ቤት ሲጠየቅ ሰምተዋል።

«ጋቢ ብቻ?»

«ጋቢ ብቻ።»

እናቷ ከጓሮ እልልታዋን አቀለጠችው። ሀዊ ስልኳን ወደ ጆሮዋ መለሰች፤ አምሐ መስመር ላይ ሆኖ ሲጠብቅ ነበር።

«ምን አሉ? ንገሪኝ እንጂ!»

«ጋቢ ታሸምናለህ። ስፋቱን ግን እኔ ነኝ የምለካው» አለችው። «አንተን በልክ ነገር አላምንህም።»