የሌለው የፊዚክስ መምህር

«የኔ ልጅ፣ ቁሚ እስቲ። ደብተርሽን አሳዪኝ።»

ዙልፋ በሻርፗ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። ከትምህርት ቤቱ የሚወጡት ተማሪዎች ሁሉ እናቷን እያዩ ነው። እናቷ ዘይነባ ግን ማንም ያላያት ይመስል፣ በአንድ እጇ የማንጎ ፌስታል፣ በሌላው የማታውቃትን ልጅ የቦርሳ ማንገቻ ይዛ በሩ መሃል ላይ ቆማለች።

«የምን ደብተር፣ እትዬ?» አለች ልጅቱ።

«የፊዚክስ። አይቼ እመልስልሻለሁ። ማንጎ እሰጥሻለሁ፤ የመርሳ ማንጎ ነው፣ ክር የለውም።»

ልጅቱ ሳቀች። ጓደኛዋም ሳቀች። ዙልፋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ከጠዋት ጀምሮ ይሄ ወልድያ ውስጥ ያዩት ሦስተኛው ትምህርት ቤት ነው። ዘይነባ ራሷ ከሁለተኛ ክፍል አላለፈችም። ቢሆንም ትምህርት ቤት መምረጥ ማንጎ ከመምረጥ አይለይም ብላ ታምናለች። ሻጩ «ጣፋጭ ነው» ቢልሽ አትመኚ፣ ቁረጪና እዪው። ርዕሰ መምህሩም «እኛ ጥሩ ነን» ቢልሽ አትመኚ፣ የልጆቹን ደብተር ግለጪ። የተጻፈበት ገጽ ከበዛ መምህር አለ። ቀይ እስክሪብቶ ካረፈበት መምህሩ ይሠራል። ባዶ ከሆነ መንገድሽን ቀጥዪ። በቃ።

የሚኖሩባትን የመርሳን ትምህርት ቤትም የጣለችው በዚሁ ዘዴዋ ነው። ሚያዝያ ላይ የዙልፋን የፊዚክስ ደብተር ገልጣ ከኅዳር ወዲህ አንድ መስመር እንዳልተጻፈበት አየች። የቀድሞው መምህር ጥሎ ሄዷል፣ ተተኪ አልመጣም። ያን ቀን «ወልድያ እንገባለን» አለች። ዘይነባ ደግሞ አንዴ ካለች አለች ነው።

ዙልፋ ያልነገረቻት አንድ ነገር ነበር። ተተኪው የካቲት ላይ መጥቷል። ቲቸር ሄኖክ ይባላል። ገና ወጣት ነው፤ ግን አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም፣ የቤት ሥራም ያላየው የለም። ዙልፋ እሱ ሲመጣ አዲስ ደብተር ጀመረች። ለእናቷ ያሳየችው አሮጌውን ነው።

ያደረገችው ደግሞ በቀድሞ የክፍል ጓደኛዋ በሶስና ቀንታ ነው። ሶስና አምና ወልድያ መጥታ ክፍል ተከራይታ ትማራለች። ቤተሰቦቿ በየሳምንቱ ስንቅ ይልኩላታል። ማንም «ቅርጫት አንሺ፣ ሎሚ ቁጠሪ» አይላትም። ዙልፋም እንደዚያ ስንቋን ተሸክማ ብቻዋን የምትላክ መስሏት ነበር። እናቷ ግን «ልጄን ብቻዋን ኪራይ ቤት? ኧረ ምን በወጣኝ! አብሬ እሄዳለሁ» አለች። ዙልፋም ነገሩ በራሱ ይበርዳል ብላ ዝም አለች። አልበረደም።

ዛሬ ረቡዕ ነው። መርሳ ላይ ክፍሏ ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ የፊዚክስ ፈተና ነበረው። ይህን ለእናቷ መናገር አልቻለችም። የሌለ መምህር አይፈትንማ።

ልጅቱ ደብተሯን አወጣች። ዘይነባ ጣቷን በምራቋ አርሳ ትገልጥ ጀመር።

«አየሽ! ዙልፋ፣ ነይ እዪ! ቀይ በቀይ ነው! መምህር ማለት ይሄ ነው!»

«እትዬ፣ እሱ እኮ የማጠናከሪያ ደብተሯ ነው» አለች ጓደኛዋ። «ቅዳሜና እሁድ ከፍላ የምትማርበት። የክፍሉ ሌላ ነው።»

«የክፍሉስ እንዴት ነው?»

«ያው ነው» አለች ልጅቱ።

«ያው ማለት?»

«ቲቸሩ ሲመጣ ይመጣል፣ ሳይመጣ አይመጣም። ኖርማል ነው።» ልጅቱ ማንጎዋን ተቀብላ ሄደች።

«ኖርማል! ያ አላህ! ኖርማል ትለኛለች!»

«እማ፣ በቃ እንሂድ። ሼም ነው።»

«ሼም ደንቆሮ ሆኖ መቅረት ነው። ሂጂ ቅደሚ!»

ሊያዩት ያሰቡት የሚከራይ ቤት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። አከራይዋ እትዬ አልማዝ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። አንዲት ክፍል ከፈቱላቸው። ግድግዳው ሰማያዊ ነው። መስኮቱ ሥር የጥናት ጠረጴዛ አለ። ዘይነባ ጠረጴዛውን እንደ በግ ጀርባ ዳሰሰችው።

«የልጄ ክፍል ነበር» አሉ እትዬ አልማዝ። «አሁን ደሴ ነው የምትማረው፣ እህቴ ጋ።»

«ደሴ? ትምህርት ቤቱ አፍንጫዎ ሥር እያለ?»

«አይ የኔ እናት! ደሴ ይሻላል ሲሉኝ ነዋ።»

«እህትዎስ? ልጅ የላቸውም?»

«አላት እንጂ። አዲስ አበባ ልካዋለች።»

ዘይነባ ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠች። «የውርጌሳው ወደ መርሳ፣ የመርሳው ወደ ወልድያ፣ የወልድያው ወደ ደሴ፣ የደሴው ወደ አዲስ አበባ! በዚህ አገር ላኪ እንጂ አስተማሪ የለም እንዴ?»

«የአዲስ አበባዎቹ ወዴት እንደሚልኩ እንግዲህ እግዜር ይወቅ» ብለው እትዬ አልማዝ ሳቁ።

ዙልፋም ሳቋ መጣ። እናቷ ሐሳቧን የቀየረች መሰላት። ዘይነባ ግን ጠረጴዛውን እንደገና አየችና ከንፈሯን ነከሰች።

«ቢሆንም ከእኛ ይሻላል። እዚህ መምህሩ ሲመጣ ይመጣል አሉ። እኛ ጋ ጭራሽ የለም።»

«ባለቤትሽስ አብሮ ይመጣል?»

«ማሳውን ለማን ጥሎ? እሱ እዚያው፣ እኛ እዚህ።»

«ሥራሽስ?»

«ፍራፍሬ ሻጭ ነኝ። መርሳ፣ መኪና የሚቆምበት ዋርካ ሥር አሥራ አራት ዓመት ተቀምጫለሁ። ቦታውን ለጎረቤቴ ለዓቢዳ ሰጠኋት።»

ዙልፋ ቀና አለች። «መቼ?»

«ትናንት። ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት፣ ዱዓ ተደርጎ። ከእንግዲህ የእሷ ነው።»

የዋርካው ጥላ በወረቀት የሚያዝ አይደለም። የያዘው ይይዘዋል፤ ሲለቅ የፈለገውን ጠርቶ፣ ዱዓ አስደርጎ ይሰጣል። ዱዓ የተደረገበትን ቦታ መልሶ የጠየቀ ሰው እስካሁን የለም። ጥላ የሌለው አስፋልቱ ዳር ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፤ ከማንጎው ጋር አብሮ ይበስላል።

የዙልፋ ስልክ ነዘረ። መልእክት የላከችላት መርሳ ያለችው የክፍል ጓደኛዋ ቤዛዊት ናት። «የት ጠፋሽ? ቲቸር ሄኖክ ስምሽን ሦስቴ ጠራ። ታማለች አልኩት። ነገ ጠዋት ለብቻዋ እፈትናታለሁ ብሏል።»

ዘይነባ እጇን ወደ ብብቷ ሰደደች። የኪራዩን ቀብድ በመሐረብ ቋጥራ ይዛለች። ቋጠሮውን በጥርሷ ትፈታ ጀመር።

«አለ» አለች ዙልፋ።

«ምኑ?»

«መርሳ የፊዚክስ መምህር አለ። ከየካቲት ጀምሮ።»

ዘይነባ መሐረቡን ከአፏ አወጣች። «ደብተሩስ?»

«አዲስ ጀምሬያለሁ። ያሳየሁሽ አሮጌውን ነው።»

እትዬ አልማዝ አንዴ እናቲቱን፣ አንዴ ልጅቱን አዩ። «እኔ ውሃ ላምጣላችሁ» ብለው ወጡ።

ዘይነባ አልጮኸችም። መሐረቧን መልሳ ቋጠረች። እትዬ አልማዝ ውሃውን ይዘው ሲመለሱ ጠጣች፤ አራት ማንጎ አውጥታ ሰጠቻቸው። «ላደከምኩዎ ነው። ይቅር ይበሉኝ» አለችና ወጣች። ከግቢው በር አልፈው ጥጉን እስኪዞሩ ድረስም አፏን አልከፈተችም። ከዚያ ከፈተችው።

«ምን በደልኩሽ? ንገሪኝ፣ ምን በደልኩሽ? በየትምህርት ቤቱ በር እንደ ለማኝ ቆሜ ደብተር ስለምን፣ አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ታያለሽ!»

«ብቻዬን የምትልኪኝ መስሎኝ ነው። እንደ ሶስና።»

«እንደ ሶስና! ታዲያ “እማ፣ ቅርጫቱ ሰለቸኝ” አትይም? ምላስ የለሽም?»

«ብልሽ ትሰሚኝ ነበር?»

ባጃጅ አጠገባቸው ቆመ። ዘይነባ በእጇ አባረረችው። «አልሰማሽም ነበር» አለች በመጨረሻ። «እሱስ እውነትሽን ነው። ቢሆንም አይዋሽም!»

ሚኒባሱ ውስጥ ዘይነባ መስኮት ዳር ተቀመጠች። መንገድ ላይ ያለችውን ሲሪንቃን ሲያልፉ ዙልፋ ስልኳን አውጥታ ለእናቷ አቀበለቻት። ዘይነባ መልእክቱን ፊደል በፊደል፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው።

«ዛሬ ፈተና ነበረብሽ?»

«አዎ።»

«ትምህርት ቤት ልፈልግልሽ ብዬ ከፈተና አስቀረሁሽ?»

«አዎ።»

ዘይነባ ጭኗን በጥፊ መታችው። «ኧረ እኔን ምን ይሻለኛል! ኧረ እናንተ ሰዎች!» ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ዞረው አዩዋት። «ምንም አይደለም፣ አባቴ። ልጅ ነው፣ ልጅ! ወልደዋል አይደል?»

«አምስት» አሉ ሽማግሌው።

«አይዞዎት እንግዲህ።»

ዙልፋ መሳቅም ማልቀስም ቃጣት። ጥቂት እንደሄዱ ወደ እናቷ ጆሮ ጠጋ አለች። «ቦታውስ፣ እማ?»

«ምን ቦታ? ሰጠሁ እኮ። ዱዓ የተደረገበትን መልሼ ልጠይቅ? ሰው ምን ይለኛል? ፀሐይ ላይ እቀመጣለሁ። ሌላው ሁሉ ይቀመጥ የለ?» ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ዙልፋ አጥብቃ ብትለምናትም እንደማትመለስ ታውቃለች። እናቷን ታውቃታለቻ።

መርሳ ሲወርዱ ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ዘይነባ ባዶውን ፌስታል አጣጥፋ ወደ ቤት መንገድ ገባች። ዙልፋ አልተከተለቻትም።

«ወዴት ነው ደግሞ?»

«መጣሁ።»

«ዙልፋ!»

«መጣሁ አልኩሽ፣ እማ። ሂጂ አንቺ።»

ዋርካው ሥር ዓቢዳ አዲስ ምንጣፍ ዘርግታለች። ብርቱካኑን፣ ማንጎውን፣ ፓፓያውን በየተራ ደርድራ፣ ጀርባዋን ለግንዱ ሰጥታ ተቀምጣለች። ለዓመታት አስፋልቱ ዳር ፀሐይ የጠበሰው ፊቷ ዛሬ ፈታ ብሏል። ዙልፋ ይህን ስታይ እርምጃዋን ቀነሰች። ከዓቢዳ ግራና ቀኝ ሌሎቹ ሻጮች ናቸው፤ ትናንት ዱዓውን «አሚን» ያሉት ሁሉ እዚያው አሉ። ዛሬ ከነገረቻቸው ነገ መርሳ ሙሉ ያውቃል። ቲቸር ሄኖክ ጆሮም ይደርሳል።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ እትዬ ዓቢዳ።»

«ወዓለይኩም ሰላም! ወልድያዎቹ! ቤት ተገኘ?» ዓቢዳ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችላት። «ነይ፣ ጥላው ውስጥ ግቢ።»

ዙልፋ ጥላው ውስጥ አልገባችም። ምንጣፉ ጫፍ ላይ፣ ፀሐዩ ያለበት ቁጢጥ አለች።

«እማ አልላከችኝም» አለች። «ብታውቅ ትገድለኛለች። ስለ ቦታው የምነግርሽ ነገር አለኝ። ትመልሺው አትመልሺው፣ እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ግን ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሷ እንዳልሆነ ስሚኝ።»

የሴቶቹ ወሬ ቆመ። አንዷ ሎሚ መቁጠሯን ተወች። ዙልፋ ድምፅዋን ሳትቀንስ ከመጀመሪያው ጀመረች።