ሁለተኛው ጥላ

ፎቶ አንሺው በዚያ ቀን እንደ ወትሮው ማልዶ ተነሳ። ሚስቱ ሸሚዙን ተኩሳ ሰጠችው፤ ታናሽ ወንድሙ የመብራቶቹን ሻንጣ መኪናው ላይ ጫነ። ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ የሴቶች መረብ ኳስ ፍጻሜ ስለነበር፣ ወንድማማቾቹ ቀድመው ሄደው ፍላሾቹን በሰገነቱ ሁለት ማዕዘን፣ ብረቱ ላይ በመቆንጠጫ መስቀል ነበረባቸው። አዳራሹ ጨለም ያለ ነው፤ ያለ ፍላሽ ከተነሳች የምትዘል ልጅ በፎቶው ላይ ጭጋግ ሆና ትቀራለች።

ረፋዱ ላይ ፎቶ አንሺው ከሰገነቱ ግራ ማዕዘን ሥር ወድቆ፣ ሞቶ ተገኘ። አንዱ ፍላሽ ከነመቆንጠጫው ከደረቱ ሥር ተሰባብሯል። ሌላው በቀኙ ማዕዘን እንደተሰቀለ ነበር።

ባልደረቦቿ «ቆቋ» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ፣ የአዳራሹን ጠባቂ በሁለት ፖሊሶች መካከል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሬሳው አጠገብ ብቻውን ቆሞ ነው የተያዘው። ጠዋትም መቆንጠጫው የሰገነቱን ብረት ቀለም ላጠው ብሎ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል። ፖሊሶቹ ይዘውት ለመሄድ የእሷን ቃል ብቻ ይጠብቁ ነበር።

«አባባ፣ ተጣልታችሁ ነበር?»

«ተጣልተናል። በቀለም የተነሳ ሰው የምገድል ብሆን፣ ግድግዳዬን በኳስ የሚያቆሽሹት ልጆች አልቀው ትምህርት ቤቱ በተዘጋ ነበር።»

መርማሪዋ ፖሊሶቹን ትንሽ ታገሱ አለቻቸው።

የስፖርት አስተማሪው፣ ወንድማማቾቹ መብራቱን ሲሞክሩ መረቡ ሥር እየዘለለ ፎቶ እንደተነሳላቸው ተናገረ። ከዚያ ተማሪዎቹን ሊሰበስብ ወጥቷል። ከመውጣቱ በፊት ሟቹን እንኳን ደስ ያለህ ብሎት ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ በፎቶ ውድድር አንደኛ ወጥቶ፣ ከመረቡ በላይ የተንሳፈፈች ልጅ ፎቶ በወንድሙ ስም ተሰቅሎ አስተማሪው አይቷል።

«እሱ ምን አለህ?»

«‹ያቺን ልጅ?› እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ደስታው መስሎኝ ነበር።»

ታናሽ ወንድምየው የሟቹ ሚስት ትከሻ ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። ባልና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም፤ እሱን ነው ያሳደጉት። ዜናውን በስልክ የነገራትም እሱ ነው። አስተማሪው ከወጣ በኋላ የባዶውን ሜዳ አንድ ፎቶ አንስቶ፣ ሌንስ ሊያመጣ ወደ መኪናው እንደሄደና የጠባቂውን ጩኸት ሰምቶ እንደተመለሰ ለመርማሪዋ አስረዳት። ካሜራውንም ሳትጠይቀው ሰጣት።

«ይህን የመጨረሻውን ስታነሳ ወንድምህ የት ነበር?»

«እላይ፣ ግራው ፍላሽ ጋ።»

«ሁለቱም ፍላሾች በርተዋል?»

«እንዴታ። አንዱ ባይበራ ጋሽዬ ከላይ ይጮህብኝ አልነበር?»

መርማሪዋ ካሜራውን ይዛ በሜዳው ዙሪያ ቀስ እያለች ዞረች። መረቡን የተሸከመው ምሰሶ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ሁሉንም ወደዚያ ጠራቻቸው።

«አስተማሪው የሚዘልበትን ፎቶ እዩ» አለች። «ምሰሶው ወለሉ ላይ ሁለት ጥላ አለው፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። ፍላሾቹ በሁለቱ ማዕዘን ስለተሰቀሉና የካሜራው ቁልፍ ሲጫን አብረው ስለሚበሩ ነው። አሁን የመጨረሻውን እዩ። ወደ ቀኝ የሚወድቀው ጥላ የለም። ግራው ፍላሽ አልበራም።»

«ባትሪው አልቆ ይሆናላ» አለ ወንድምየው።

«ቅድም ሁለቱም በርተዋል ብለኸኛል። ይሁን፣ ባትሪው አልቋል እንበል። ሌሎቹ ፎቶዎች ሜዳውን ሙሉ ያሳያሉ። ይሄኛው ግን የግራውን ማዕዘን ቆርጦ አስቀርቷል። እዚያ ምን ነበር?»

መርማሪዋ ጣቷን ወደ ግራው ማዕዘን ቀሰረች።

«ወንድምህ ነበር፤ ፍላሹም ከሥሩ። ይህን ያነሳኸው እሱ ከወደቀ በኋላ ነው፤ እሱ በሕይወት እያለ አንተ ከአዳራሹ የወጣህ እንዲመስል። ከዚያ ወደ መኪናው ሄደህ ሬሳውን ለጠባቂው ተውክለት።» ወደ ሚስትየው ዞረች። «እህቴ፣ የተንሳፈፈችውን ልጅ ማን ነው ያነሳት?»

ሚስትየው ያሳደገችውን ልጅ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። እሱም አያት፤ ጭንቅላቱን በትንሹ ነቀነቀ፣ አትናገሪ እንደማለት።

«ባሌ ነው» አለች። «ፎቶዋ ቤታችን ተሰቅሏል። ይህ ልጅ እሷ በተነሳችበት ቀን ታሞ እኔ ጋ ተኝቶ ነበር የዋለው።»

ወንድምየው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሲናገር ወደ ሚስትየው ብቻ እያየ ነበር። «ጋሽዬ ፍላሹን ሊያዞር መቆንጠጫውን እያላላ ወደ ሰገነቱ ጠራኝ፣ ‹ለውድድሩ ሰዎች እውነቱን ሄጄ እነግራለሁ› አለኝ፣ ለመንኩት፣ ጀርባውን ሰጠኝ» አለ።

«አንዴ ነው የገፋሁት፣ እታለም። ፍላሹን ይዞ ወደቀ።»

«ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ሲሉ እሰማ ነበር» አለች ሚስትየው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ስልክ ላይ ስታለቅስ አባበልኩህ። እዚህ መጥቼም የያዝኩት አንተን ነው። ባሌ እዚያ ተጋድሞ ዞር ብዬ አላየሁትም።»

ፖሊሶቹ ከጠባቂው አጠገብ ተነስተው ወንድምየውን ያዙት። ሚስትየው ወደ ግራው ማዕዘን ሄደች፤ ማንም አልተከተላትም።

ፍጻሜው በሳምንቱ ተካሄደ። የስፖርት አስተማሪው ሌላ ፎቶ አንሺ አልጠራም። የዚያ ጨዋታ አንድም ፎቶ የለም።