ምርኩዙን የጠየቀው የለም

ነገሩ ከመለወጡ በፊት በአሮጊቷ የዓይን ምርመራ ካርድ ላይ የሰፈረው የፊደል ሰሌዳ ልኬት ይህ ነበር፦ ቀኝ ዓይን ሦስተኛ መስመር፣ ግራ ዓይን አምስተኛ መስመር። ለአሥራ አንድ ወር ንቅንቅ አላለም። የዓይን መርማሪዋ በየወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ ያንኑ ቁጥር ትጽፋለች፤ የአሮጊቷ የልጅ ልጅ ደግሞ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ወንበር ላይ ያንቀላፋል።

ሥራው የመንገድ ፕላን መንደፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ መስመር ሲያሰምር ይውላል፤ ሲመሽ ላሳደጉት አያቱ ግጥም ያነብባል። አያቱ አርባ ዓመት ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ እያለ የሚያስመርጡት ስለ አያትና ስለ ልጅ ልጅ የተጻፈውን ብቻ ነው። አንዱ ሲያልቅ «ሌላ የለም?» ይላሉ።

መርማሪዋ መጀመሪያ ያነጋገረችው ከእንቅልፉ ስትቀሰቅሰው ነው። መጽሐፉ ጉልበቱ ላይ እንደተከፈተ ነበር። ትከሻውን ስትነካው ብንን ብሎ «ሦስተኛ መስመር» አለ።

«እርስዎን አልለካሁም» አለችው። «ቢሆንም ዓይንዎን ገልጠው ወደ ቤት ቢሄዱ ይሻላል።»

ሳቀ። ሲስቅ ዕድሜው በአሥር ዓመት እንደሚቀንስ ልብ አለች፤ ልብ ማለት ሥራዋ ነው። በሳምንቱ በምሳ ሰዓት ብቻውን መጣ። ከዚያ ወዲህ ክሊኒኩ ፊት ለፊት ካለው ዳቦ ቤት እየተገናኙ መብላት ልማዳቸው ሆነ። ብዙ አያወሩም። እሷ አርባ ሰው ለክታ፣ እሱ ግማሽ ኪሎሜትር መንገድ ነድፎ ነው የሚመጡት፤ ሁለት የደከሙ ሰዎች ዝም ሲባባሉ ዝምታው አይከብድም።

ምርመራው በተጀመረ በሰባተኛው ወር እንደሚወዳት ነገራት። ወዲያው ደግሞ የነገራትን መልሶ ወሰደው። አያቱ ያለ እሱ ደረጃ አይወርዱም፣ ምድጃ አይለኩሱም። የታዘዘላቸው አዲስ የዓይን ጠብታ ሠርቶ ዓይናቸው ከተሻለ ሽማግሌ ይልካል፤ ካልተሻለ ግን ይህን ሸክም በማንም ትከሻ ላይ አይጭንም። እሷም አልተከራከረችም። ከዚያ በኋላ ግን ረቡዕ በመጣ ቁጥር ከመለካቷ በፊት ያለፈውን ወር ቁጥር ደግማ ታነባለች። የሁለት ሰው ኑሮ ሰሌዳ ላይ በተደረደረ ፊደል ላይ ተንጠልጥሏል፤ ለኪዋ ደግሞ ራሷ ናት።

በአሥራ ሁለተኛው ረቡዕ አያቱ ገብተው ተቀመጡ፣ ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ ስምንተኛው፣ እስከ ደቃቁ ፊደል ድረስ፣ አንድም ጊዜ ሳይደናቀፉ አነበቡ። የአስተማሪ ድምፃቸው በሩን አልፎ ይሰማል። መርማሪዋ በበሩ ትንሽ መስታወት ስታይ የልጅ ልጁ ቆሟል፤ ለወራት የጠበቀችው ተስፋ ፊቱ ላይ በርቷል።

ወደ ሰሌዳው ዞር አለች። አሮጌው ጫፉ ተቀዶ ስለነበር ጠዋት በሌላ ቀይራዋለች። አያቱ ካነበቡት ፊደል አንዱም እዚያ የለም።

«እማማ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ሰሌዳው እኮ ዛሬ ጠዋት ተቀይሯል።»

አያቱ መዳፋቸውን አወረዱ። «እንግዲያው እንዳላየሽ ሁኚ። እኔም አላየሁም።»

በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ነው፤ ኮሪደር ላይ ተራ ሲጠብቁ ሌሎች የሚያነቡትን እየሰሙ በቃላቸው ያዙት፤ በየወሩም የመጀመሪያው ቀን መስመር ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ። ለአሥራ አንድ ወር ፍንክች ያላለ ቁጥር ሊያስጠረጥራት በተገባ ነበር። ያላስጠረጠራት፣ እንዳይወርድ የምትለምነው ቁጥር ስለሆነ ነው።

«አየሽ ልጄ» አሉ አያቱ፤ «ግጥም ውስጥ የልጅ ልጅ ሁልጊዜ ምርኩዝ ነው። የዓይን ብርሃን ነው፣ የእርጅና በትር ነው። ደክሞት ወንበር ላይ የሚያንቀላፋ የልጅ ልጅ ግን አላየሁም። ይኖር ይሆን ብዬ ስንት መጽሐፍ አስነበብኩት። ባጣ ጊዜ ራሴ ገጠምኩለት።»

ምርኩዜ ነው ብዬ ስደገፍበት፣
ዱላው ጎብጦ ሳለ ማን አዘነለት።

ቀጥለው ካርዱን በጣታቸው ፈለጉ። «ስምንተኛ ብለሽ ጻፊልኝና ይረፍ። አንቺም አግቢው።»

ብዕሩ እጇ ላይ ነበር። አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ግን ዓይኑ የጠፋ ሰው ብቻውን ደረጃ ሲወርድ እንዴት እንደሚወድቅ፣ ወድቆ የመጣ ስንት ሰው አይታ ታውቃለች። እንደገና ለካች፤ ይህን ጊዜ ፊደሉን እያመለከተች። ቀኝ አንደኛ፣ ግራ ሁለተኛ። ያንን ጻፈችና በሩን ክፍት ትታ ወጣች።

ሁሉንም ነገረችው፤ ግጥሙንም። ፊቱ ላይ የበራው ሲጠፋ ዓይኗን አላሸሸችም። ሄዶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«እኔ አልደከመኝም» አለ በመጨረሻ።

«ደክሞሃል። እኔም ደክሞኛል።» አጠገቡ ተቀመጠች። «ሸክሜን ለማንም አልሰጥም ስትል ትከሻዬን ጠይቀኸው ነበር? አንተም እንደ ገጣሚዎቹ ነህ። ምርኩዙን የጠየቀው የለም።»

«ብጠይቅሽስ?»

«አንድ ቀን አንተ ታነባለህ፣ አንድ ቀን እኔ። የሚተኛው ይተኛል።»

«እኔስ አልጠየቅም?» አሉ አያቱ ከውስጥ። «ጆሮዬ እንደሆነ አልታመመም።»

በዓመቱ፣ በወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ፣ ሦስቱ አብረው መጡ። አያቱ በመሐል፣ ባልና ሚስቱ በግራና በቀኝ። ለዘመድ መለካት ደግ አይደለም ብላ ሚስቲቱ ካርዱን ለሥራ ባልደረባዋ አስረክባለች። ባልደረባዋም አያቱን ለክቶ ጻፈ፦ ቀኝ ብርሃን ብቻ፣ ግራ አንደኛ መስመር። ሊጠራቸው ወደ ኮሪደሩ ብቅ ቢል ባልና ሚስቱ አግዳሚው ላይ ተደጋግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ መጽሐፉ ዛሬ በእሷ ጉልበት ላይ ነው።

«ተዋቸው» አሉ አያቱ፤ ግድግዳውን እየዳበሱ ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡ።

በኮሪደሩ ሰዓት አሥራ አራት ደቂቃ ተኙ።